ፍቅርን የሚያጋንነው ዘመኑ ሳይሆን አዝማቹ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«የጥንት ገጣሚዎች ፍቅርን ሰማይ ሰቀሉት፤ እንዳለ የሚነግረን የዛሬ ዘፈን ነው» የሚለው አስተያየት ዘወትር ይሰማል። አልስማማበትም።

እ.ኤ.አ. በ1609 የታተመው የሼክስፒር 130ኛው ሶኔት (አጭር የግጥም ዓይነት ነው) ይህን ሙግት ገና ያኔ አንስቶታል። ገጣሚው የሚወዳት ሴት ዓይኗ ፀሐይን አይመስልም፤ ፀጉሯ ጥቁር ሽቦ ነው፤ ትንፋሿ እንደ ሽቶ አያውድም፤ ስትራመድም መሬት ትረግጣለች። ይህ ሁሉ ከጣሊያናዊው ገጣሚ ከፔትራርካ ወዲህ ሴትን በወርቅና በከዋክብት ሲያሞግስ ለኖረው ልማድ መልስ ነው። 138ኛው ደግሞ ጠለቅ ይላል፦ እየዋሸችው እንደሆነ እያወቀ ያምናታል፤ እሷም ወጣትነቱ እንዳለፈ እያወቀች እንደ ወጣት ታየዋለች፤ ሁለቱም ዝም ይባባላሉ። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ የፍቅር ግጥም አላውቅም።

ልዩነቱን የሚያመጣው ቅርጹ ነው። ሶኔት 14 መስመር ብቻ ስላለው፣ 130ኛው በ12ቱ ጉድለቷን ሲቆጥር ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ወደ ፍቅሩ ይዞራል። ያ መዞር አይደገምም። በዘፈን ግን አዝማቹ ይመለሳል። በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው የድሮ የሙዚቃ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፤ የዘፈን ርዝመት ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግጥሙ ስለ ኩርፊያና ስለ ድካም አንድ ጊዜ ይናገራል፤ «ያላንቺ አልኖርም» የሚለው አዝማች ግን ሦስት ጊዜ፣ ያውም ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ ይመጣል። አድማጭ ይዞ የሚሄደው እሱን ነው።

ስለዚህ የዘፈን ግጥም ደራሲው እውነቱን በግጥሙ ውስጥ ብቻ ቢደብቀው አይበቃም። ትርጉሙ ሊለወጥ የሚችል አዝማች ይምረጥ። ለምሳሌ «በሩን አልዘጋሁም» የሚል አዝማች ከመጀመሪያው ግጥም በኋላ ናፍቆት ነው፤ ከጠቡ በኋላ «ከፈለግሽ ሂጂ» ይሆናል፤ በሦስተኛው ይቅርታ ነው። ቃሉ ሳይነካ ፍቅሩ ያረጃል። ጉድለት መዘርዘርም በዘፈን አያዋጣም፤ መዞሩ እስኪመጣ አድማጭ ስድብ ብቻ ይሰማል። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል።

ዘፈን ከሶኔት የሚበልጥበትም አለ፦ ቅብብሎሽ። በሼክስፒር ሶኔቶች ተወዳጇ ለራሷ የምትናገረው እምብዛም ነው። በቅብብሎሽ ግን እሷም የራሷን ስንኝ ይዛ «አይደለም፣ እንዲህ ነበር» ልትለው ትችላለች። ደራሲዎቻችን ለሴቷ የእሱን ቃል ከማስደገም ይልቅ ይህን መልስ ቢጽፉላት እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ