ከሦስቱ ውስጥ ሁለቱ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ግሬጎር ሜንደልና ስለ ዘር ውርስ የወጣው ጽሑፍ አቀራረቡ ደስ ይላል። ነገር ግን ጸሐፊው ታሪኩን «ሦስት ለአንድ» ላይ፣ ማለትም ከዲቃላ ልጆች ሦስቱ አውራውን (በዲቃላው ላይ የሚታየውን) አንዱ ደግሞ ድብቁን (በዲቃላው ላይ የማይታየውን) ባህርይ ያሳያሉ የሚለው ላይ አድርሰው አቁመውታል። ከዚያም ሁለት ነገር አክለዋል፤ አውራ ባህርይ እየዋለ ሲያድር ድብቁን ይውጠዋል የሚል አንድ፣ ሜንደል ቁጥሮቹን ከኪሱ አውጥቷል የሚል ሁለት። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው ከግማሽ እውነት የተነሣ ነው። የሁለቱም መፍቻ ያለው ጽሑፉ ባልነካው ሦስተኛ ትውልድ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜንደል በብርኖ ገዳም አተር ማዳቀል የጀመረው በ1856 ነው። ከዚያ በፊት ከዘር ነጋዴዎች ያገኛቸውን 34 ዓይነት አተሮች ሁለት ዓመት ዘርቶ ፈትኗቸዋል፤ ለሥራው ያስቀራቸው 22 ነበሩ። ይህ ፈተና ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ያለ እሱ ግን የኋላው ቆጠራ ሁሉ ውሃ አያነሳም። ዘሩን አስመስሎ የማይወልድ ወላጅ ይዞ ስለ ውርስ ማውራት አይቻልምና። አተር አበባው ሳይከፈት ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ሁለት ዓይነት ለማዳቀል እምቡጡ ገና ሳይጎለምስ መክፈት፣ ብናኝ የሚያፈሩትን 10 ዘንጎች በወረንጦ አንድ በአንድ መንቀልና የሌላውን ተክል ብናኝ በሴቴው ጫፍ ላይ መቀባት ያስፈልጋል። እጁ የዘገየ ሰው ዲቃላ አገኘሁ ይላል እንጂ በእጁ ያለው ያው የእናቲቱ ዘር ነው። የአተር ነቀዝም እንቁላል ለመጣል አበባውን ሲሰረስር ባዕድ ብናኝ ሊያስገባ እንደሚችል ሜንደል ራሱ አስጠንቅቋል።

ድቡልቡሉ ከተጨማደደው አተር ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። እነዚህ ራሳቸውን ሲያዳቅሉ ከተቆጠሩት 7,324 ፍሬዎች 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ዎቹ የተጨማደዱ ነበሩ። ጽሑፋችሁ ያቆመው እዚህ ነው። ሜንደል ግን ከድቡልቡሎቹ የበቀሉ 565 ተክሎችን ፍሬ መረመረ። 193ቱ ድቡልቡል ብቻ ሰጡ፤ 372ቱ ግን በአንዱ ተክል ላይ፣ አንዳንዴም ፍሬዎቹን በያዘው በአንዱ ሽፋን ውስጥ፣ ድቡልቡሉንና የተጨማደደውን ጎን ለጎን አፈሩ። ሦስቱ ሲታዩ አንድ መልክ ቢኖራቸውም፣ አንዱ ንጹሕ፣ ሁለቱ ድብቁን የተሸከሙ ናቸው ማለት ነው። ግኝቱ ይህ ነው። ሦስት ለአንድ የሚለው ዓይን የሚያየው ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ የሚለው ደግሞ ውስጡ ያለው። ድብቁ ባህርይ አልተቀየጠም፣ አልደበዘዘም፤ አንድ ትውልድ ዘሎ እንደነበረው ተመለሰ።

አውራነት ጉልበት እንዳልሆነም ይኸው አተር ያሳያል። በ1990 እንደታወቀው፣ በተጨማደደው አተር ውስጥ የስታርችን ሞለኪውል ቅርንጫፍ እንዲያወጣ የሚያደርገው ኢንዛይም ዘረመሉ ውስጥ 800 ያህል ፊደላት የሚረዝም ቁራጭ ገብቶበት ተበላሽቷል። ስታርቹ ሲያንስ ስኳር ይበዛል፤ ስኳሩ ውሃ ይስባል፤ አተሩ ያብጥና ሲደርቅ ይሸበሸባል። ከሁለቱ ወላጆች ከሚወረሱት ሁለት የዘረመሉ ቅጂዎች አንዱ ደህና ከሆነ ግን ፍሬው ድቡልቡል ለመሆን ይበቃዋል፤ አውራ የተባለው ለዚህ ነው። የዲቃላውን የስታርች ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ግን የሁለቱን ወላጆች መካከለኛ ነው የሚያገኘው። አውራ መባሉ እንደሚታየው ነገር ይለያያል ማለት ነው።

«አውራው ድብቁን ይውጠዋል» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጎድፍሬ ሃርዲ በ1908 የመለሰው ይህንኑ ነው፤ የመለሰውም፣ እንደ እኔው፣ ለአንድ መጽሔት አዘጋጅ በጻፈው አጭር ደብዳቤ ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ቫይንበርግ ለብቻው እዚያው ደርሷል። ሰው ያለ ምርጫ ሲጋባና ሌላ ተጽዕኖ ሳይኖር የዘረመል ቅጂዎች ድርሻ ከትውልድ ትውልድ አይለወጥም። ከ10,000 ሰዎች አንዱ ብቻ ድብቅ በሽታ የሚታይበት ከሆነ፣ የበሽታው ቅጂ ድርሻ ከ100 አንድ ነው፤ ተሸካሚዎቹ፣ ማለትም አንድ የበሽታ ቅጂ ይዘው የማይታመሙት፣ ከ10,000ው 198 ይሆናሉ፣ ከ50 ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። ከ100 የተበላሹ ቅጂዎች 99ኙ የሚኖሩት ጤነኛ በሚመስል ሰው ውስጥ ነው። በሽተኞቹ ሁሉ ልጅ ባይወልዱ እንኳን የቅጂው ድርሻ በግማሽ ለመቀነስ 100 ትውልድ ይፈጃል። ይህ ሒሳብ በወቅቱ የታወቀ ነበር፤ ቢሆንም በ1933 ጀርመን ሰዎችን በግዳጅ የሚያመክን ሕግ ከማውጣት አልተመለሰችም።

ወደ ክሱ እንምጣ። የስታትስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1936 የሜንደልን ቁጥሮች ደምሮ፣ ከሚጠበቀው ጋር ይህን ያህል መቀራረብ በዕጣ የሚገኘው ከ100,000 ጊዜ 7 ጊዜ ብቻ ነው አለ። እውነት ነው፣ ቁጥሮቹ ከልክ በላይ ያምራሉ። ግን ፊሸር ሕጉን አልካደም፤ የጠረጠረውም ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ያወቀ ረዳትን ነው።

ከሁሉ የከረረው ነጥቡ ስለ 10 ዘሮች ነው። የፍሬ ቅርጽ በዚያው ዓመት በራሱ ፍሬ ላይ ይታያል። የተክል ቁመት ወይም የሽፋን ቀለም ግን ዘሩ ተዘርቶ እስኪበቅል ይጠብቃል፤ ሜንደልም ከእያንዳንዱ ተክል 10 ዘር ዘርቶ ሁሉም አውራውን ካሳዩ ተክሉን ንጹሕ ብሎ መዘገበው። አንድ ተሸካሚ ተክል ግን አሥሩንም አውራ የመስጠት ዕድል አለው፤ ሦስት አራተኛ አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5.6 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ከ600 ተክሎች ተሸካሚ ሆነው መቆጠር የነበረባቸው 400 ሳይሆኑ 377.5 ነበሩ። ሜንደል የጻፈው 399 ነው። ያስነውራል? ያን ያህል የራቀ፣ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ ከ100 ጊዜ 7 ጊዜ ያህል በዕጣ ይደርሳል፤ ይህን ማጭበርበር ለማለት አይበቃም። በተጨማሪም ከስድስቱ ቆጠራዎች አንዱ፣ የሽፋኑ ቀለም፣ 60 ለ40 ወጥቶበት አልተዋጠለትም፤ ደግሞ ሠርቶ 65 ለ35 አገኘ፤ ሁለቱንም አተማቸው። ቁጥር የሚፈጥር ሰው መጥፎውን አያትምም።

ይህ የ10 ዘር ጉድለት ለቤተሰብም ይሠራል፤ እንዲያውም ይብሳል። ሁለቱም ተሸካሚ የሆኑ ወላጆች ሦስት ልጆች ቢወልዱ፣ አንዱም ሳይታመም የመቅረት ዕድሉ 27 ከ64፣ ማለትም 42 በመቶ ነው። «በቤታችን እንዲህ ያለ በሽታ የለም» የሚለው ቃል ለዚህ ነው ማስረጃ የማይሆነው። ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። ሐኪም ቤተሰቦችን የሚያገኘው በታመመ ልጅ በኩል ስለሆነ፣ የታመመ ያልወለዱት ተሸካሚዎች ከቆጠራው ይቀራሉ። ሦስት ልጆች ካሏቸውና ቢያንስ አንዱ ከታመመባቸው ቤቶች ብቻ ቢቆጠር፣ የታመሙት ድርሻ 25 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 43 በመቶ ይሆናል። እዚህም ማረሚያውን ካበጁት አንዱ ቫይንበርግ ነው።

ስለዚህ ከጽሑፋችሁ ጋር የወጣው ሥዕል እንዲታረም እጠይቃለሁ። አራት ልጆች ተሰልፈው አራተኛው ብቻ ታሞ ይታያል። ይህን ያየ ወላጅ አንዱ ከታመመበት የቀሩት ሦስቱ ከአደጋ ውጭ ናቸው ብሎ ይረዳዋል። አንድ ልጅ ብቻ ይሣል፤ ከጎኑም አራት እኩል ዕጣዎች ይቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣው ከአዲስ እንደሚወጣ ይጻፍበት። ከጤነኞቹ ሦስት ዕጣዎች ደግሞ ሁለቱ በግማሽ ቀለም ይቀቡ፤ የታመመው ልጅ ጤነኛ ወንድም ወይም እህት ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ሁለት ሦስተኛ ነውና፣ ልክ እንደ 372ቱና 193ቱ አተሮች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጄኔቲክስ መምህር