«ለምጄዋለሁ» የሚል የስኳር ሕመምተኛ ያሳስባል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ስኳር ሕመም ሲጻፍ የሚወራው ስለ መብዛቱ ነው። መውረዱን በተመለከተ «ከረሜላ ያዙ» ከሚለው ምክር አልፎ የሚሄድ ጽሑፍ ጥቂት ነው።

የደም ስኳርን የሚጠብቀው ቆሽት ብቻውን አይደለም፤ አንጎልም ድርሻ አለው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክሎድ በርናር የእንስሳን አንጎል ግርጌ በመርፌ ወግቶ ስኳር ከሽንት ጋር እንዲወጣ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1849 ነበር። ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያሉ ሕዋሳት የስኳሩን መጠን ይከታተላሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ወደ 80 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲጠጋ ስኳርን የሚያወርደው የኢንሱሊን ምርት ይቀንሳል። ከ70 ሲያንስ ስኳርን ከፍ የሚያደርጉት ግሉካጎንና አድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ያወጣል።

ለዓመታት ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ግን የተወጋውን መልሶ ማውጣት አይችልም፤ የግሉካጎን ምላሹም ይደክማል። የሚተርፈው የአድሬናሊን ማንቂያ ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት። ስኳሩ በተደጋጋሚ ከወረደ አንጎል ይህንንም ያዘገየዋል። ድሮ 65 ላይ የሚንቀጠቀጠው ሰው 50 ሆኖበት ቆሞ ያወራል፤ ከዚያ መዘባረቅ ወይም መውደቅ ይከተላል። «ለምጄዋለሁ» የሚባለው ይኸው ነው። ከሐኪም ጋር የስኳሩን ዒላማ ከፍ አድርጎ ለ2 ወይም 3 ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ መጠበቅ ማንቂያውን በአብዛኛው ይመልሰዋል። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ መንቀጥቀጡ ይሸፈናል፤ ላቡ ግን አይቀርም።

ጾም ላይ ስሌቱ ይከፋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች (ቀስ ብሎ የሚሠራ) ኢንሱሊን የሚበረታው ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ኢንሱሊኑ ሲያይል ሆዱ ባዶ ነው ማለት ነው። መጠኑና ሰዓቱ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይስተካከል።

ከ70 በታች ሲሆን 15 ግራም ስኳር ይወሰድ፦ 3 ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግማሽ (ስኳር የሌለው አይሠራም)። ቸኮሌት ስቡ ስለሚያዘገየው አይመረጥም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክቶ ካልተነሣ ይደገም፤ ሲነሣ ምግብ ይከተል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ማርም ቢሆን አይጨመር፣ ትንታ ይገድለዋል፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ነቅቷል ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት አይመለስ፤ መድኃኒቱ ከተሰጠው ግሉኮስ በላይ ስለሚቆይ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ሊጥለው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
በስኳር ሕመም ክትትል ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች