ለቡድን መሪዎች፦ የቅዳሜው ልምምድ

ሰላም ለሁላችሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከ3:00 እስከ 5:00 ሰዓት በሁለተኛ ፎቅ የስብሰባ ክፍል የምንገናኘው፣ ሲስተም ከተቋረጠ በኋላ የሚደረግ ግምገማ እንዴት እንደሚመራ ለመለማመድ ነው።

ከቡድናችሁ አንድ መቋረጥ መርጣችሁ በአንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ፦ ማስጠንቀቂያው ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ከዚያ በፊት ምን ተቀይሮ ነበር፣ አገልግሎቱ መቼ ተመለሰ። ሰዓቱን ከሎጉ (ሲስተሙ ራሱ ከሚይዘው መዝገብ) ውሰዱ፤ በትውስታ የተጻፈ አያስተማምንም። የሆነውን ስትተርኩ የሰው ስም አትጻፉ፣ «ተረኛው» ይበቃል። ስም ከተጠራ በሚቀጥለው ጊዜ ችግሩን ቶሎ የሚናገር አይገኝም። «ከእንግዲህ እንጠንቀቅ» ግን መፍትሔ አይደለም፤ እንዳይደገም ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ ይጻፍ። የሚሠራው ነገር ብዛት ከሦስት ባይበልጥ ይሻላል።

የሌሊት ተረኝነት በየሳምንቱ ወይስ በየሁለት ሳምንቱ ይቀያየር የሚለውንም እንወስናለን። መምጣታችሁንና የተረኝነት ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ 12:00 ሰዓት እዚሁ አሳውቁን።