ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ የኖርነውስ?

ሰላም የዝግጅት ክፍሎች እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው እትማችሁ ላይ አንድ አንባቢ "እዚህ አገር የመጣነው ሠርተን ለመኖር ነው፣ ታሪካችን ያለው አገር ቤት ነው" ብለው የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው ይቺን የምጽፈው። ሰውየውን አላውቃቸውም፣ በዕድሜም ሳይበልጡኝ አይቀሩም፣ ስለዚህ በአክብሮት ነው የምናገረው፣ ግን በጭራሽ አልስማማም። ልጅ የተወለደበት፣ የተዳረበት፣ ዘመድ የተቀበረበት ቦታ እንዴት ሆኖ ነው ታሪክ የማይኖረው? እኔ የምኖረው አርሊንግተን ቨርጂኒያ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው መንገድ አካባቢ ስለሆነ የማወራውም ስለዚሁ ሰፈር ነው፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ሰዎች ደግሞ የራሳችሁን ጻፉ።

መጀመሪያ ከእኛ በፊት እዚህ ማን ነበር የሚለውን እንይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አናውቀውም። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ወደ ፔንታጎን ስትሄዱ ዋሽንግተን ቡሌቫርድ ከላይ የሚያልፍበት ድልድይ አለ አይደል? ስሙ ፍሪድማንስ ቪሌጅ ብሪጅ ነው፣ ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ታክሲ የሚነዳው፣ ኤርፖርት የሚሠራው፣ ዲሲ ገብቶ ፓርኪንግ የሚሠራው ሁላ በሥሩ ያልፋል፣ ስሙን ቀና ብሎ ያነበበ ግን ስንት ነው? ፍሪድማንስ ቪሌጅ ማለት በ1863 በእርስ በርስ ጦርነታቸው መሀል መንግሥት ከባርነት ለወጡ ሰዎች ያቋቋመው መንደር ነው፣ ያውም የደቡቡ ጄኔራል የሮበርት ሊ ቤተሰብ ርስት ላይ፣ ዛሬ የአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር ያለበት መሬት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ነበረው፣ ሆስፒታል ነበረው፣ የአረጋውያን ቤት ነበረው፣ ከባርነት ወጥታ ባርነትን የታገለችው ሶጆርነር ትሩዝ ራሷ መጥታ አገልግላበታለች። ለጊዜው ነው ተብሎ የተሠራው መንደር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየና ሰዎቹ ቤት ሠርተው ዛፍ ተክለው ልጅ አሳድገው ከጨረሱ በኋላ "ልቀቁ" ተባሉ፣ በ1900 ኮንግረስ 75,000 ዶላር ካሳ መድቦ ተዘጋ። ሰዎቹም ቤተ ክርስቲያናቸውን ይዘው ወጡ፣ ግሪን ቫሊ የሚባለው የአርሊንግተን ሰፈር ውስጥ ዛሬም የሚቀደስባቸው የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት አሉ መነሻቸው እዚያ መንደር የሆነ።

ከወጡት ገሚሶቹ ኩዊን ሲቲ የምትባል ሰፈር መሠረቱ። እሷም አልቆየችላቸውም፣ በ1942 ፔንታጎን ሲሠራ ለመንገዱ ተብሎ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች፣ ወደ 900 ሰው ተነሳ፣ አንዳንዱም መንግሥት ባቀረበው ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር የከረመው። ቦታው መንገድና የመንገድ መጠምዘዣ ሆነ።

ሰፈሯ ግን አልተረሳችም፣ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይሄ ነው። ሜትሮፖሊታን ፓርክ የሚባለው አማዞን ሕንፃዎች አጠገብ ያለው መናፈሻ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ 35 ጫማ ከፍታ ያለው የጡብ ግንብ ቆሟል፣ የሠራችው ነኪሻ ዱሬት የምትባል አርቲስት ነች። ከውጭ ስታዩት የሆነ ያረጀ ጭስ ማውጫ ነገር ነው የሚመስለው፣ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ግን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእንባ ቅርጽ በተሠሩ ሸክላዎች ተሞልቷል፣ 903 ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ለተፈናቀለ ሰው አንድ አንድ። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ ለመጠለል ነበር እውነቱን ለመናገር። አንዷ ትንሽ ልጅ አባቷን "ይሄኛው የማን ነው?" እያለች በጣቷ ስትጠይቅ አባትየው ምን እንደሚላት ጠፍቶት ነበር። የሚገርመው ደግሞ ግንቡ የቆመው የሰፈሩን ኪራይ ያስወድደዋል ተብሎ የተፈራው አማዞን ባሠራው መናፈሻ ውስጥ መሆኑ ነው፣ ይሁን፣ ከምንም ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ከሰማይ አልወረደም። ፎቶውን በየሳጥኑ ያስቀመጡት እናቶች ናቸው፣ ማን የማን ጎረቤት እንደነበር የነገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገባቸውን አልጣሉም። ከዚያ የአርሊንግተን የጥቁሮች ቅርስ ሙዚየም አለ፣ የአርሊንግተን ታሪክ ማኅበር አለ፣ ሁለቱ ተባብረው ባሪያ ሆነው እዚህ የኖሩ ሰዎችን ስም የነሐስ ድንጋይ ላይ እየጻፉ በኖሩበት ቦታ መሬት ላይ እየተከሉ ነው። ሆልስ ሂል በሚባለው ሰፈር ደግሞ በ1930ዎቹ ነጮቹ ጎረቤቶች ጥቁሮቹን ለመለየት ያቆሙት ግንብ አለ፣ በ1966 ካውንቲው የተወሰነውን አፍርሶታል፣ የቀረውን ሰዎቹ ራሳቸው "እንዳይነካ፣ ልጆቻችን ይዩት" ብለው ምልክት አስቆመውበታል። እኔ ብሆን እጄ ላይ ቢገባ በመዶሻ ነበር የማፈርሰው፣ እነሱ ግን ከእኔ የበለጠ አስበውበታል።

"እነሱ ዜጎች ናቸው፣ አገራቸው ነው፣ እኛ ስደተኛ ነን" የሚል ካለ ደግሞ ቬትናሞቹን እንይ። ከ1975 በኋላ ሳይጎን ስትወድቅ የመጡት ሰዎች እዚሁ አርሊንግተን ያለችውን ክላረንደንን ሞልተዋት ነበር፣ ምግብ ቤት በሉት፣ ጨርቅ በሉት፣ ወርቅ ቤት በሉት፣ ሰዉ ሊትል ሳይጎን ነበር የሚላት። እዚያ ኪራይ ርካሽ የሆነው የሜትሮ ባቡር መስመር ሲቆፈር መንገዱ ሁሉ ስለተዘጋና ነጋዴው ስለሸሸ ነው። ሜትሮው በ1979 ሲከፈት ምን ሆነ? ኪራይ ጣራ ነካ፣ ቬትናሞቹ አንድ በአንድ እየለቀቁ ብዙዎቹ ፎልስ ቸርች ኤደን ሴንተር የሚባለው የገበያ ማዕከል ገቡ። ዛሬ ክላረንደን ሂዱና የቬትናም ምልክት ፈልጉ፣ ለዓመል ያህል ነው የምታገኙት። ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ተማሪዎችና ላይብረሪው ሆነው ባለሱቆቹን ፈልገው ቃላቸውን ቀዱ፣ የትኛው ሱቅ የት በር ላይ እንደነበር ካርታ ላይ አስቀመጡ። ያን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ሁሉንም ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ እኛ። ከአብዮቱ በኋላ በሱዳን በኩል፣ በጅቡቲ በኩል፣ በሮም በኩል የመጣው ሰው፣ በተለይ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ፣ ስንቱ ነው እዚህ ፓይክ ላይ የመጀመሪያ አፓርትመንቱን የተከራየው? አምስት ስድስት ወንድ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱ ሌሊት ሁለቱ ቀን ሺፍት እየሠሩ አንድ ፍራሽ ሲቀያየሩ። የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል በ1983 የተቋቋመው እዚሁ አርሊንግተን ነው፣ ዛሬ ከየአገሩ የሚመጣ ስደተኛ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚያሰፍሩት ድርጅቶች አንዱ ሆኗል፣ ማለት ሐበሻ ያቋቋመው ቢሮ ስንት የሌላ አገር ሰው ተቀብሎ ቤት አስገብቷል። ይሄ ታሪክ ካልሆነ ምንድነው ታሪክ?

አምና እኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ አባት አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው፣ ለቀብሩ መጥተው ቤቱን ቶሎ አስረክቡ ተብለው ስለተጣደፉ ዕቃውን በጥቁር ፌስታል እያወጡ ዳምፕስተር የሚባለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተቱት። አልፈርድባቸውም፣ ያዘነ ሰው ነው፣ የሚመለስበት ሥራም አለው። አንዱ ፌስታል ተቀዶ ስለነበር አየሁት፣ ከላይ የነበረው የዕቁብ ደብተር ነው፣ የ1980ዎቹ፣ ስሞቹ በአማርኛ ተጽፈው ከጎናቸው የሚሠሩበት ቦታ ተጽፏል፣ "ሂልተን ጋራዥ" "ሰባት ኢለቨን ሌሊት" "ናሽናል ኤርፖርት ዊልቸር" እያለ፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ስም ላይ በቀይ ተሰምሯል፣ አንዱ ስም አጠገብ ደግሞ "እናቱ ስለሞቱ ቅድሚያ ተሰጥቶታል" ይላል። እሱን አንስቼ ለልጆቹ ሰጠሁ፣ ሌላው ፌስታል ግን ሄደ። ይቺን አንዷን መስመር የሚተካ መጽሐፍ የለም፣ ሰዉ እንዴት እንደተረዳዳ በአንድ መስመር ነው የምትነግራችሁ።

ጊዜ አለን የሚል ካለ አይምሰለው። ባርክሮፍት አፓርትመንቶችን ታውቃላችሁ፣ 1,334 ቤት፣ ብዙ ሐበሻ አለበት። በ2021 ሊሸጥ ሲል ካውንቲው 150 ሚሊዮን ዶላር አማዞን ደግሞ 160 ሚሊዮን አበድረው ለ99 ዓመት ኪራዩ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ሆነ እንጂ ምን ይፈጠር እንደነበር መገመት አያቅትም። እሱ ተረፈ፣ በግራ በቀኝ ያለው ሱቅና ስትሪፕ ሞል ግን እየፈረሰ አዲስ ሕንፃ እየሆነ ነው። ከ2007 ጀምሮ የኮሎምቢያ ፓይክ ዶክመንተሪ ፕሮጀክት የሚባሉ ፎቶግራፈሮች ሰፈሩን ከነሰዉ ሲያነሱ ኖረዋል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ፎቶ አንሺ ቢያነሳን እንኳ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ምን እያለ እንደሆነ አማርኛ የሚችል ነው የሚነግረው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ዲሲ ዩ ስትሪት ላይ ከዓመታት በፊት ናይንዝ ስትሪትን "ሊትል ኢትዮጵያ" እናሰኝ ሲባል የጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውመው እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያኔ እኛ ተቀየምን። አሁን ሳስበው ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፣ ያ ሰፈር ብላክ ብሮድዌይ ሲባል የኖረ የእነሱ ሰፈር ነው፣ እኛ ስም ይሰጠን ስንል የእነሱን ታሪክ አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ያንን መድገም የለብንም። የስም ምልክት ከመጠየቃችን በፊት ወደ ግሪን ቫሊ ሄደን የሽማግሌዎቹን ወሬ እንስማ፣ እኛም የራሳችንን እንንገራቸው፣ ቡና እናፍላላቸው፣ መቼም ለዚህ አንሰንፍም።

የሚሠራው ነገር ከባድ አይደለም። ኩዊንሲ ስትሪት ላይ ያለው ዋናው ላይብረሪ ውስጥ የአካባቢ ታሪክ ማዕከል አለ፣ ሥራው የነዋሪዎችን ቃል እየቀዱ፣ የሰፈሩን ፎቶና ወረቀት እየሰበሰቡ ማኖር ነው፣ ሄዶ ማነጋገር ብቻ ነው የቀረን። ዕድሮቻችን በየወሩ ይሰበሰባሉ አይደል፣ በየስብሰባው አንድ ሽማግሌ አንድ ሰዓት በስልክ ቢቀዱ ምን ይጎዳል? ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ይቅዱ፣ አማርኛቸውም ይሻሻላል። ጥያቄውም "ከአገር ለምን ወጣህ" ብቻ አይሁን እባካችሁ፣ እሱን ሁሉም ጠይቋል፣ "የመጀመሪያ ሳምንት ምን በላህ፣ ጤፍ ከየት ነበር የምታገኙት፣ ማን መንዳት አስተማረህ፣ መጀመሪያ ማን ሞተ፣ ሬሳውን እንዴት ላካችሁት" ብላችሁ ጠይቁ።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉም ጥያቄ አለኝ። የድሮ እትሞቻችሁ የት ናቸው? ጽሑፉን ብቻ አይደለም፣ የኋላ ገጽ ላይ የነበሩት ማስታወቂያዎች፣ "ክፍል ተጋሪ ይፈለጋል"፣ "ለአዲስ ዓመት በግ እናደርሳለን"፣ የተዘጉት ሬስቶራንቶች ስልክ ቁጥር፣ የሙት ዓመት መታሰቢያው። ቤዝመንት ውስጥ ተከምረው ከሆነ ውኃ ሳይገባባቸው አንድ ቅጂ ላይብረሪው እንዲያገኝና ስካን እንዲደረግ ብታስቡበት። ጉልበት ካስፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ መጥተን ካርቶን እንሸከማለን፣ መኪናም አለን።

አንባቢያችሁ
ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ