ጽሑፍሽን ከማጥፋትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ስክሪንሾት ደጋግሜ አየሁት። ስለ ጨረታው ሰነድ በለጠፍሽው ጽሑፍ ሥር፣ ለባለሥልጣኑ ባወጣችሁለት ቅጽል ስም ግሩፓችሁ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ቀልድ ነው ይላል፣ ግማሹ ስድብ ነው ይላል። በዚህ መሃል አንዱ "እያዩን ነው" ብሎ ሁላችሁንም አስደነገጣችሁ። አንቺም የጻፍሽውን ሁሉ ላጠፋው ነው አልሽኝ። ቆይ፣ አትቸኩዪ።

እኔም ፈርቻለሁ። ልጅ ያለው ሰው እንዴት አይፈራም? የሚያስፈራም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከእንግሊዝ የተነሱ ሁለት ወጣቶች ለሽርሽር ሎስ አንጀለስ ይደርሳሉ። አንደኛው ከመነሳቱ በፊት ትዊተር ላይ አሜሪካን "ላወድማት ነው" ብሎ ጽፎ ነበር። በእነሱ የአራዳ ቋንቋ ጠጥቼ ጨፍሬ ልመለስ እንደማለት ነው። ሌላው ጽሑፉ የማሪሊን ሞንሮን መቃብር እቆፍራለሁ የሚል ቀልድ ነበር። ልጆቹ እንደተናገሩት ሻንጣቸው ውስጥ አካፋ ሳይቀር ተፈልጓል! ቢያስረዱ የሚሰማቸው ጠፋ። ታስረው አድረው በመጡበት ተመለሱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማኅበራዊ ሚዲያን የሚከታተልባቸው ቃላት ዝርዝር ይፋ ወጣ። "በረዶ" እና "የአሳማ ሥጋ" ሳይቀሩ ነበሩበት። እንዲህ የሚያነብ ሰው ፊት የትኛው ቃል ያድንሻል?

"ከእንግዲህ በኮድ እንጻፍ" የሚለው የጓደኛሽ ሐሳብም አላሳመነኝም። በቻይና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሰዎች አንድም ፊደል የሌለበት ነጭ ወረቀት ይዘው ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። ከመካከላቸው የታሰሩ አሉ።

ቅጽል ስሙን ግን ተዪው። ይህን የምልሽ ስለሚያዩሽ አይደለም። ስሙ የሰውየውን ትውልድ የሚነካ ነው፤ በሠራው ሥራ ሳይሆን በተወለደበት ትሰድቢዋለሽ፣ ከእሱ ጋር ምንም ያላጠፋ ሰው ሁሉ ይሰደባል። ደግሞ እስቲ ኮሜንቱን መልሰሽ አንብቢው። ስለ ጨረታው ሰነድ ስንት ሌሊት ለፍተሽ ነው የጻፍሽው። ስለ ሰነዱ የጠየቀሽ ሰው የለም። ሁሉም ስሙ ላይ ሲነታረክ ባለሥልጣኑ መልስ ሳይሰጥ አመለጠ። በጣም ነው የተናደድኩት።

አሁን ስለ ጥንቃቄ ልንገርሽ። መልእክቱ የተመሰጠረ ነው ብለሽ አትዘናጊ። እንደ ፔጋሰስ ያለ የስለላ ሶፍትዌር ምንም ሳትነኪ ስልክሽ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከገባ ደግሞ አንቺ የምታነቢውን ሁሉ ያነባል። ስልክሽን ወቅቱን ጠብቀሽ አፕዴት አድርጊ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው ነው። የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ሽታዚ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 91,000 ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት። ይህ ሁሉ ሰው እያለውም ጎረቤትና ጓደኛ ወሬ እንዲያቀብለው ይመለምል ነበር። ተቃዋሚዋ ቬራ ሌንግስፌልድ በኋላ ፋይሏ ሲገለጥ ስለ እሷ ሪፖርት ያቀርብ የነበረው የገዛ ባሏ ሆኖ አገኘችው። ጓደኞችሽን ሁሉ ጠርጥሪ አልልሽም፤ እንደዚያ እየኖሩ ምን ሕይወት አለ? ግሩፕ ውስጥ መባል የሌለበትን ግን አትበዪ።

የምታጠፊው ካለ ሰነዱን ከሰጠሽ ሰው ጋር የተጻጻፍሽውን አጥፊ። ስሙንም ስልኩንም። ከእንግዲህ በአካል አግኚው፣ ስልክሽንም ቤት ትተሽ ሂጂ። እሱ ሥራውንም ቤተሰቡንም አስይዞ ነው ያመነሽ።

ጽሑፉ ግን ይቆይ። አንድ ነገር ጎድሎታል፦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች ለምን እንደተጣለ አልጻፍሽም። እሱን ጨምሪበትና መልሰሽ ለጥፊው።

የምትወድሽ እናትሽ