የትውከቱ ቀለም በማዘዣው ላይ ይጻፍ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በሙያው 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው እስካሁን ከልቤ ያልወጣ አንድ ሕፃን ስላለ ነው።

ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጥቂት ደም መጣ። ማዘዣው ላይ የተጻፈው «የ3 ቀን ወንድ፣ ሴፕሲስ?» ብቻ ነው፤ ሴፕሲስ ማለት ሰውነትን የሚጎዳ ከባድ ኢንፌክሽን ነው። ነጭ የደም ሴሉ ደህና ነበር። ኤሌክትሮላይቱን (የደም ጨዎቹን) ስሠራ ግን ክሎራይዱ 84 ሆኖ ወጣ። ከ95 በላይ መሆን ነበረበት። ፖታሲየሙም ወርዷል። ማሽኑን ተጠራጥሬ ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ) አስገባሁና ደገምኩት። ያው ነው።

በዚህ ዕድሜ ክሎራይድና ፖታሲየም አብረው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚታሰበኝ ትውከት ነው፤ የጨጓራ አሲድ አብሮ ይወጣላ። ስልክ አነሳሁ።

«ያስታውከዋል እንዴ?»

«አዎ፣ ከተወለደ ጀምሮ» አለች ተረኛዋ ነርስ።

«ቀለሙስ?»

«አረንጓዴ።»

አረንጓዴ ማለት ሐሞት ነው፤ በጨቅላ ሕፃን አንጀት የመዘጋት ምልክት ሊሆን ይችላል።

እናትየው ሦስት ቀን ሙሉ ስትናገር ኖራለች። እንገሩ ከብዶት ነው ብለዋት ነበር። ጥቁር ካካውም ስለወጣለት ማንም የአንጀት መዘጋት አልጠረጠረም። መዘጋቱ ከላይ ከሆነ ግን ካካው ሊወጣ ይችላል።

ጠዋት ራጅ ተነሳ። ሆዱ ውስጥ ሁለት የአየር አረፋ ታየ። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ከተፈጥሮው ተዘግቷል። በደም ሥሩ ፈሳሽና ጨው ተሰጥቶት ሪፈር ተጻፈለት። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዳነ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ውጤቱ ደህና የሚሆንለት ሕፃን ነው። በመጀመሪያው ቀን የጨቅላ ደም ጨው ከእናቱ ብዙም አይለይም፤ በእትብት ሲስተካከል የቆየ ነው። አንጀቱ የተጠማዘዘ ሕፃን ደግሞ ደሙ አሲድ እስኪሆን ከተጠበቀ አንጀቱ ሊሞት ይችላል። ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው። «ደሙ ንጹህ ነው» ተብሎ አረንጓዴ የሚያስታውከው ልጅ ወደ ቤት መሄድ የለበትም።

ስለ ናሙናውም ልናገር። 2.6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ጠቅላላ ደሙ ሦስት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። ተረከዙ ተጨምቆ የተቀዳ ደም ብዙ ጊዜ ሄሞላይዝ ያደርጋል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ ማለት ነው። ያኔ ፖታሲየሙ የውሸት ከፍ ይልና የወረደውን ይሸፍነዋል። የዚያን ሌሊት ነርሷ ከደም ሥር በጥንቃቄ ስለቀዳች ነው ያየሁት።

ሐኪሞችና አዋላጆች፣ እባካችሁ ማዘዣው ላይ ሦስት ነገር ጻፉልን፦ ያስታውከዋል ወይ፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ካካ መቼ ወጣ። አንድ መስመር ይበቃል። እኛም ውጤቱን በወረቀት ብቻ አንልክም፤ ስልክ እንደውላለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ