ኮንቴይነሩ ሲቆምስ ማን ፈተሸው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሶፍትዌር ኮንቴይነሮች የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ጸሐፊው ነገሩን ለጀማሪም በሚገባ መንገድ አብራርተውታል። አንዱን ሐሳባቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ፕሮግራም አንዴ ኮንቴይነር ውስጥ ከገባ የትም ቢወሰድ ያው ስለሆነ ድጋሚ መፈተሽ አያስፈልገውም የሚለውን ማለቴ ነው።

እንጀራዬ የሶፍትዌር ፍተሻ ነው። የምፈትሸው ደግሞ ፕሮግራሙን ሳይሆን ኮንቴይነሩን የሚያስነሳውን፣ የሚያቆመውን፣ የሚያድሰውንና የሚያጠፋውን ክፍል ነው። ይህ በእጅ የሚሆን ሥራ አይደለም። ሰው አንዱን ኮንቴይነር አስነስቶ አቁሞ አንዴ ያያል፣ ሁለቴ ያያል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል። ስለዚህ ስክሪፕት እንጽፍለታለን፤ ኮድ በተቀየረ ቁጥር ሳይሰለች ይደግመዋል።

ኮንቴይነር ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር አይደለም። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አንድን ፕሮግራም ከሌሎቹ ለይቶ የሚያኖርበት ዘዴ ነው። ኔምስፔስ የሚባለው ፕሮግራሙ ምን ማየት እንደሚችል ይወስናል። ሲግሩፕ ደግሞ ምን ያህል ሜሞሪና ፕሮሰሰር እንደሚደርሰው። ሲግሩፕ ከርነሉ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2013 ዶከር የሚባለው የኮንቴይነር መሥሪያና ማስኬጃ መሣሪያ ብቅ አለና ነገሩን ለማንም ፕሮግራመር ቀላል አደረገው። በ2014 ጎግል ኩበርኔቲስን ይፋ አደረገ፤ እሱ በብዙ ማሽኖች ላይ ያሉ ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ነው። ኢሜጁ፣ ማለትም ፕሮግራሙና የሚያስፈልጉት ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል፣ የትም ቢሄድ ያው ነው፣ እሺ። ከርነሉ፣ ዲስኩ፣ የሜሞሪ ገደቡና ኔትወርኩ ግን ኢሜጁ ውስጥ የሉም።

ኢሜጁም ቢሆን ያው የሚሆነው በዳይጀስቱ፣ በመለያ ቁጥሩ፣ ከተጠራ ነው። «ሌተስት» የሚለውን ታግ (ኢሜጁ ላይ የሚለጠፍ ስም) ይዞ የሚያወርድ ሰው ትናንት ያገኘውን ነገ ላያገኘው ይችላል። ታግ ከአንዱ ኢሜጅ ተነስቶ ሌላው ላይ ይለጠፋል። ዳይጀስት ግን ከይዘቱ የሚሰላ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ኮንቴይነሩ መነሳቱን ሁሉም ይፈትሻል። ሲቆም ምን እንደሚሆን የሚፈትሽ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ዶከር አንድን ኮንቴይነር አቁም ሲባል ወዲያው አይገድለውም። መጀመሪያ ሲግተርም የሚባል ሲግናል ይልክለታል፤ የያዝከውን ጨርስና ውጣ ነው ነገሩ። ከዚያ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። ካልወጣ ሲግኪል ይከተላል፤ እሱ ይግባኝ የለውም። ኩበርኔቲስም ያንኑ ያደርጋል፣ ትዕግሥቱ ግን 30 ሰከንድ ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች መቀየር ይቻላል።

ጣጣው ሲግናሉን የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። የሚላከው ኮንቴይነሩ ውስጥ ቁጥር 1 ሆኖ ለተነሳው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም) ነው። ዶከርፋይሉ (ኢሜጁ እንዴት እንደሚሠራ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ የማስነሻው ትእዛዝ እንደ ተራ መስመር ከተጻፈ ብዙ ጊዜ ቁጥር 1 የሚሆነው ሼሉ፣ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ነው፤ የእናንተ ፕሮግራም ከሼሉ ሥር ይገባል። ሼሉ ሲግናሉን ወደ ታች አያስተላልፍም። ራሱም አይወጣም፤ ምክንያቱም ከርነሉ ለፕሮሰስ ቁጥር 1 ልዩ ጥበቃ ያደርግለታል። ሲግተርም ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካላሳወቀ ሲግናሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። 10 ሰከንዱ በከንቱ ያልቃል። ከዚያ ሁሉም ባለበት ይገደላል። በመሃል ክፍያ እያስተላለፈ የነበረ ጥያቄ ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ትእዛዙን በቅንፍ ውስጥ በዝርዝር መልክ መጻፍ ነው። ወይም የማስነሻ ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ሼሉ በኤግዜክ ቦታውን ለፕሮግራሙ እንዲለቅ ማድረግ። ግን ይህን አስተካክያለሁ ማለትና መስተካከሉን ማወቅ ይለያያሉ።

ስለዚህ ቴስቱ እንዲህ ይጻፋል። ኮንቴይነሩን ያስነሳል። ለመጨረስ ጥቂት ሰከንድ የሚፈልግ ጥያቄ ይልክለታል። ጥያቄው ሳያልቅ ኮንቴይነሩን ያቆማል። ከዚያ ጥያቄው መልስ ማግኘቱን፣ ለመቆም የፈጀውን ጊዜና የመውጫ ኮዱን፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚተወውን ቁጥር፣ ያያል። 137 ከሆነ ተገድሏል፤ 128 ላይ የሲግኪል ቁጥር 9 ተደምሮ ነው። 143 ከሆነ ሲግተርሙ ቢያንስ ደርሶታል። ቴስት ለመጻፍ ጊዜ የሌለው ሰው እንኳ በሰዓት ሊያውቀው ይችላል። በቆመ ቁጥር ልክ 10 ሰከንድ የሚፈጅ ኮንቴይነር ካያችሁ ሲግናሉ ጆሮው አልገባም ማለት ነው።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ ይኸው 137 ብዙ ሰው አሳስቷል። ሜሞሪ ከገደብ ሲያልፍም ከርነሉ የሚገድለው በዚያው ሲግኪል ስለሆነ የመውጫ ኮዱ አንድ ነው። የሰርቨር ክፍሉ ሰዎች ሜሞሪ አንሶት ነው ብለው ደመደሙ። ገደቡን ከፍ አደረጉ። አሁንም 137። እንደገና ከፍ አደረጉ። ዶከር ኢንስፔክት ብሎ ኦኦኤም-ኪልድ (በሜሞሪ ማነስ ተገድሏል ወይ) የሚለውን መስመር ማየት በቂ ነበር፤ ፎልስ፣ አይደለም፣ ይል ነበር። ይህን ስናገር ቴስተር ስለ ሜሞሪ ምን ያውቃል ያለኝ ሰው አለ። አልተቀየምኩም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

ቴስት ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። በጣም የተለመደው ኮንቴይነሩን አስነስቶ 5 ሰከንድ ዝም ብሎ ከጠበቀ በኋላ ፍተሻ የሚጀምረው ነው። ማሽኑ ፈጣን ሲሆን ያልፋል፤ ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። ሰዉ «እንደገና አስኪደው» ይላል። ሁለተኛው ሲያልፍ ነገሩ ይረሳል። እንዲህ የለመደበት ቡድን እውነተኛ ስህተት ሲመጣም እንደገና ነው የሚያስኬደው። ከመጠበቅ ይልቅ ተዘጋጅተሃል ወይ እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ማብቂያም ማስቀመጥ ነው። ፖርቱ (ግንኙነት የሚገባበት በር) ተከፍቷል ብሎ መጀመርም አያዋጣም። ዶከር ወደ ውጭ ያወጣው ፖርት፣ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ገና ሳይዘጋጅ ግንኙነት ሊቀበል ይችላል። የቀረው የቤት ጽዳት ነው፤ ቋሚ ፖርት አለመጠቀም፣ ስም አለመድገም፣ ቴስቱ ቢወድቅም ኮንቴይነሩንና ቮልዩሙን (ከኮንቴይነሩ ውጭ መረጃ የሚቀመጥበትን ማከማቻ) ማጥፋት።

ኩበርኔቲስ ላይ ደግሞ ላይቭነስ ፕሮብ የሚባል አለ። ፕሮግራሙ በሕይወት አለ ወይ ብሎ በየጊዜው ይጠይቃል። ካልነካችሁት በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ለመልስ 1 ሰከንድ ይሰጣል፣ በተከታታይ 3 ጊዜ ካልተመለሰለት ኮንቴይነሩን እንደ አዲስ ያስነሳል። ብዙ ፕሮግራመሮች እዚህ ፍተሻ ውስጥ ዳታቤዙንም ይጨምራሉ። ጥንቃቄ ይመስላል። ዳታቤዙ 2 ሰከንድ መዘግየት ሲጀምር ግን ጤነኞቹ ኮንቴይነሮች ሁሉ ይገደላሉ። አንድ ሰው ታመመ ተብሎ አስታማሚዎቹን እንደመግደል ነው። ሁሉም ተነስተው በአንዴ አዲስ ግንኙነት ሲከፍቱ ዳታቤዙ ይብስበታል። ግድያው ሲደጋገም ኩበርኔቲስ ዳግም ማስነሻውን በ10፣ በ20፣ በ40 ሰከንድ እያለ እስከ 5 ደቂቃ ያራዝመዋል። ዳታቤዙ አገግሞም አገልግሎቱ ላይመለስ ይችላል። እዚህ የምጽፈው ቴስት ዳታቤዙን ሆን ብሎ ያዘገይና ኮንቴይነሮቹ ስንት ጊዜ ዳግም እንደተነሱ ይቆጥራል። ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካየሁ አላሳልፈውም።

መረጃ መጥፋትን በተመለከተ ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። ዶከር ላይ ኮንቴይነር ውስጥ የተጻፈ ፋይል ያው ኮንቴይነር ቆሞ ሲነሳ አይጠፋም። ቮልዩም ላይ ካልሆነ ግን ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮ ይሄዳል። ሪስታርትን ብቻ የሚሞክር ቴስት ስለዚህ ሁሌም ደህና ነው ይላል። እድሳት ማለት ግን አሮጌውን ሰርዞ በአዲሱ ኢሜጅ ሌላ ማስነሳት ነው። ቴስቱም መረጃ ጽፎ፣ ኮንቴይነሩን ሰርዞ፣ አዲሱን አስነስቶ ያንን መረጃ ማንበብ አለበት። ከዚያ ደግሞ ወደ አሮጌው እትም ይመለስ። አዲሱ እትም የዳታቤዙን ሠንጠረዥ ቀይሮት ከሆነ አሮጌው ሊያነበው ላይችል ይችላል። ሮልባክ፣ ወደ አሮጌው እትም መመለሻ፣ አለን የሚሉ ቡድኖችን መቼ ሞከራችሁት ስላቸው ዝም ጭጭ ነው።

እነዚህ ቴስቶች ቀርፋፋ ናቸው፣ አልክድም። አንዳንድ አለቆች ዶከሩን በሞክ (በእውነተኛው ቦታ በሚቆም አስመሳይ) ተኩትና ይፍጠን ይላሉ። የኛ ኮድ የቱን ትእዛዝ እንደሚልክ ለማየት ሞክ ይበቃል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። 10 ሰከንዱን፣ ፕሮሰስ ቁጥር 1ን፣ የሜሞሪ ገደቡን ግን ሞክ አያውቃቸውም። የነገራችሁትን ነው መልሶ የሚነግራችሁ። ስለዚህ ፈጣኖቹ በእያንዳንዱ የኮድ ለውጥ ላይ ይሠሩ፤ በእውነተኛው ኮንቴይነር ላይ የሚሞከሩት በየሌሊቱና ከእያንዳንዱ አዲስ እትም በፊት ይሁኑ።

ጸሐፊው በዓምዱ ወደዚህ ርዕስ ከተመለሱ ስለ ሮልባክ ሰፋ አድርገው ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። አንዴ ከተፈተሸ በቂ ነው የሚለውን ሐሳብ ግን ቢያርሙት እመርጣለሁ፤ በጽሑፉ የሚጀምሩ ወጣቶች ይኖራሉና።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ አንባቢና የሶፍትዌር ፈታሽ